ኬላ ላይ የተደረደሩ ካርዶች

የኮምፒውተር ፕሮግራሙ የስሕተት ዝርዝር ለሦስተኛ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ አለበል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከቢሮው ወጥቶ ጣና ዳር ተቀመጠ። መናደዱ ራሱ አድክሞት ነበር።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። አለበል ባሕር ዳር ባለ አንድ የውኃ ጥናት ጽሕፈት ቤት ይሠራል። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ የሐይቁን መሙላትና መጉደል የሚያሰላ ፕሮግራም በአራት መቶ ካርድ ላይ ትቶ ወደ አገሩ ሄደ። እያንዳንዱ ካርድ የፕሮግራሙ አንድ መስመር ነው፤ ጽሑፉም በቀዳዳ ተበስቶበታል። አዲስ አበባ ያለው ትልቅ ኮምፒውተር እንዲቀበለው አድርጎ የማረሙ ዕዳ በአለበል ላይ ወደቀ። ባሕር ዳር ያለችው የካርድ መብሻዋ ብቻ ናት። ስለዚህ ካርዱ በየጊዜው ታርሞ እንደ አዲስ ይበሳል፣ በሳጥን ታስሮ በአውቶቡስ ይላካል፤ ካርዱ እዚያው ይቀርና ባዶ ሳጥኑና ማሽኑ ያልገባውን የዘረዘረበት ወረቀት ብቻ በሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ።

መጀመሪያ አርባ ስሕተት መጣ። አረመ። ቀጥሎ ስልሳ መጣ፤ ያውም ምንም ባላረመባቸው መስመሮች ላይ። በሦስተኛው ዘጠና አለፈ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነበት።

ሚስቱ የብርጓል፣ «ዓይነ ጥላ ነው፤ ጠበል አስረጭበት» አለችው።

«ካርድ ውኃ ከነካው ያብጣል» አለ አለበል።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ አስማማው ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። «ሦስት ጊዜ ስሕተት አይባልም ጓድ አለበል፤ አሻጥር ነው። ያጠፋውን ሰው ስም ጽፈህ ታመጣለህ» አለው። በዚያን ጊዜ በአሻጥር ስሙ የተጻፈ ሰው ወደ ቤቱ ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም።

አለበል በአራተኛው ሳጥኑን ራሱ ይዞ ተሳፈረ። ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ አውቶቡሱ ለፍተሻ ቆመ። መሣሪያ ያነገቱ ሽማግሌ ኬላ ጠባቂ ሳጥኑን ተቀብለው ገመዱን ፈቱ።

«አባቴ፣ እንዳይደባለቅብኝ» አላቸው።

«አይዞህ ልጄ፤ ይችን ሳጥን አውቃታለሁ። ላኪዋ ዝርክርክ ሰው ነው። ቀዳዳው የበዛውንና ያነሰውን አንድ ላይ ቀላቅሎ ይልካል። ተሳፋሪው እስኪፈተሽ እኔ ነኝ የምደረድርለት። በፊት ጥቂቱን ብቻ ነበር፤ አሁን ለመድሁት፣ ሁሉንም አደርሳለሁ። የኬላው ሣህሉ ሰላም ብሎሃል በለው።»

ይህን እያሉ ቀዳዳ የበዛባቸውን ካርዶች ከታች፣ ያነሰባቸውን ከላይ በጥንቃቄ ያስቀምጡ ጀመር። ያ ሁሉ ስሕተት ከየት እንደ መጣ ለአለበል ያኔ ገባው። ስንት ሌሊት በእነዚያ ካርዶች ላይ ዓይኑን አፍዝዟል! ሽማግሌው ግን ውለታ እንደ ዋለ ሰው ነበር የሚያዩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሳጥኑን ተቀበለ።

እስከ አዲስ አበባ ድረስ ካርዱን ጉልበቱ ላይ እያደረገ፣ በቃሉ በሚያውቀው ተራ ወደ ቦታው መለሰ። ማሽኑ አንዲትም ስሕተት አላገኘበትም። አለበል ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ የተሰማው የመተኛት ፍላጎት ብቻ ሆነ።

ሲመለስ ጓድ አስማማው ስብሰባ ጠርቶ ቆየው። «መሥራቱ ጥሩ። ስሙስ?»

አለበል ስሙን ያውቀዋል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስንፍና በግለ ሂስ እንደሚያልፍ፣ የመንግሥትን ሰነድ ፈትቶ ማደበላለቅ ግን እንደማያልፍም ያውቃል። ተነሣና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ካርዶቹን ተራ ቁጥር ሳልጽፍባቸው ላክሁ» አለ። ይኸም ቢሆን ሐሰት አልነበረም።

ከፕሮግራሙ ሥራ አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡት። የብርጓል ነገሩን ሁሉ ከአፉ ስትሰማ አለቀሰች። «የምትወደውን ሥራ፣ ለማታውቃቸው ሽማግሌ ብለህ?»

«እኔን የላኩኝ ግምጃ ቤት ነው። እሳቸውን የት እንደሚልኳቸው አንቺም ታውቂዋለሽ» አላት።

የብርጓል እንባዋን ጠርጋ ራቱን አቀረበችለት።