በሚቀጥለው ይመጣል

ወደ እስራኤል ለመሄድ ከጎንደር በተነሳንበት ምሽት ሻንጣውን ሁሉ አውቶቡስ ላይ የጫነው ወንድሜ ጋሻው ነው፤ የእሱ ሻንጣ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። እናታችን ይህን አላስተዋለችም። ሰው ሲሳሳም፣ ሲላቀስ፣ ልጅ ጠፋ ሲባል፣ ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ማን ሻንጣ ያያል? እኔ ግን አውቅ ነበር። አጎቶቼም ያውቁ ነበር። ጋሻው ሚስት ካገባ በኋላ ማመልከቻው ከእኛ ተለይቶ ለብቻው ሆኖ "ቆይቶ ይታያል" ተብሎ ነበር። እማ ይህን ብትሰማ ከጎንደር ንቅንቅ አትልም፤ እሷ ከቀረች ደግሞ የሁላችንም ጉዳይ ይበላሻል። ስለዚህ ቤተ ዘመዱ መክሮ፣ መንገደኛ ክፉ ወሬ አይነገረውም ብሎ ወሰነ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝም ያው ዝም እል ነበር።

"አንተስ?" አለችው እማ፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት አንገቷን አውጥታ።

"በሚቀጥለው እመጣለሁ እማ። በዚህኛው ቦታ ሞልቷል።"

እየሳቀ ነው ያላት። ጋሻው ሲዋሽ ይስቃል። እሷ ግን ደስ ብሎት የሳቀ መሰላት።

እስራኤል በገባን ሰሞን፣ አዲስ መጤ በሚያርፍበት ግቢ፣ በመርከዝ ክሊታው፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ። ገቡ፣ ቁጭ አሉ፣ ጤና ጠየቁ፣ ስለ አየሩ አወሩ፣ ከዚያ ጋሻው እንዳልተፈቀደለት ነገሯት። እማ እንደ መርዶ አለቀሰች። እኔን ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። ከዚያ ወዲህ በሯ ላይ ሰው ተሰብስቦ ካየች፣ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ከጓደኛው ጋር ቢመጣ፣ እጇ ወደ ደረቷ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው እዚያ ላላችሁና ገና ለምትመጡ ነው፤ ስለዚህ የአገሩንም ነገር ልንገራችሁ። የምንኖርባት የፔታህ ቲክቫ ሙቀት እንደ ጎንደር ፀሐይ ጥላ ስትገቡ የሚተዋችሁ አይደለም፤ ልብሳችሁ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ሰዉ ቀኑን በኪያርና በቲማቲም ይጀምራል፤ እማ እስከ ዛሬ "ይህን ከበላን በኋላ ቁርሱ መቼ ነው?" ትላለች። ሰላምታቸው አንዲት ቃል ናት፤ እሷኑም መልሱን ሳይሰሙ ነው የሚያልፉ። ወረፋ ላይ ደግሞ ያልነበረ ሰው ይመጣና "እዚህ ነበርኩ" ይላችኋል፤ ካልጮሃችሁ እውነትም ነበረ ማለት ነው።

አሚሻቭ በሚባለው ሰፈር ቤት ስፈልግ፣ ጽቪቃ የሚባል አከራይ በሩን ከፍቶ አየኝና "ተይዟል" አለኝ።

"መቼ ተያዘ?"

"አሁን።"

ደረጃውን ወርጄ ከመንገድ ደወልኩለት። በስልክ መልክ አይታይም። "ባዶ ነው፣ አሁኑኑ ነይ" አለኝ። ተመልሼ ወጣሁ።

"የደወልኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

ጽቪቃ ጭንቅላቱን አከከ። "ስንት ናችሁ?"

"ሁለት። እናቴና እኔ።"

"ሁለት ብቻ? እናንተ እኮ ብዙ ነው የምትሆኑት።"

"የቀሩትን አላመጧቸውም" አልኩት።

ቁልፉን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ እዚያው ነን። ቧንቧውም እስከ ዛሬ ያፈሳል።

ሥራን በተመለከተ፣ ጎንደር ላይ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ነበር። ሥራ የምታገናኘው ሴት ዲግሪዬን አገላብጣ አየችና "በጣም ጥሩ፣ በሕፃናት ማቆያ አንድ ቦታ አለ" አለችኝ። የተማርኩት ኮምፒውተር ነው ስላት "እዚያም አንድ ኮምፒውተር አለ" አለች። አመስግኛት ወጣሁና በራሴ ፈለግሁ። ብዙ በር ካንኳኳሁ በኋላ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ኮምፒውተር ለተበላሸበት ሠራተኛ ስልክ የሚመልስ ክፍል ውስጥ አስገባኝ። አለቃዬ ሩቲ የምትባል፣ እየሮጠች የምትናገር ሴት ነበረች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ተረኛዋ እኔ ሆኜ ዋናው ሲስተም ቆመ። ደንቡ ወዲያው ለሩቲ መደወል ነው። ደወልኩ። ግን እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ የያዘ ሰው እንደገባ አይዘረግፈውም።

"ሩቲ፣ እንደምን ነሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው?"

"ሁሉም ደህና ነው። እንዴት ያለሽ መልካም ልጅ ነሽ፤ ሻባት ሻሎም" ብላ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሲስተሙም እንደቆመ ነው። እንደገና ደወልኩ።

"ምን ረሳሽ?"

"ሲስተሙ ቆሟል።"

"መቼ?"

"ቅድም ስደውልልሽ ቆሞ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልደርስበት ነበር።"

እሑድ ጠዋት ስታስጠራኝ ዕቃዬን ሰብስቤ ነው የገባሁት። "አዝመራ" አለችኝ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያው ቃልሽ ጥፋቱ ይሁን። ልጆቼን ከዚያ በኋላ ጠይቂኝ። መጠየቅሽን ግን አትተዪ፤ እዚህ ሌላ የሚጠይቀኝ የለም።" ያን ዕለት ሩቲን ወደድኳት፤ እስከ ዛሬም እወዳታለሁ።

ያቺ ቃል እንጀራዬ ሆነች። የፈረቃ ኃላፊ፣ ቀጥሎ የቡድን መሪ ስሆን፣ በዕድሜ አባቶቼ የሚሆኑ መሐንዲሶች ከሥሬ ገቡ። ጥፋት ይደብቁ ነበር፤ ወንዶች ከሴት አለቃ፣ ያውም ከጎንደር ከመጣች፣ አብዝተው ይደብቃሉ። ጥፋቱን ቀድሞ የነገረኝን አንድም ቀን ተቆጥቼው አላውቅም። ደብቆኝ የደረስኩበትን ግን አይቀናውም። ስብሰባ ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮህ ስለነበር፣ ሽማግሌዎቻችን ጠብ ሲያዩ እንደሚያደርጉት አደረግሁ፤ አንዱ ይናገራል፣ እስኪጨርስ ሌላው አፉን ይይዛል። ዩሪ የሚባለው፣ እሱም ከሩሲያ የመጣ ነው፣ መጀመሪያ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በኋላ ግን "ይህ የትኛው የአመራር ኮርስ ላይ ነው የሚሰጠው?" አለኝ። "ጎንደር" አልኩት። ኮርሱን ፈልጎ እንዳጣው ነገረኝ።

ሩቲ ወደ ላይ ከፍ ስትል የክፍሉ ሁሉ ኃላፊነት ለእኔ ተወሰነ። እኔ አልሰማሁም፤ ዕረፍት ወጥቼ ነበር። በዚያ ሰሞን ጎንደር አካባቢ ጦርነት ነበር፣ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ስልኩም አይሠራም፣ ጋሻውን በድምፅ ካገኘነው ቆይቷል። ቀን ኔትወርክ ለምን ተቋረጠ ተብዬ የምጠየቅ ሰው፣ ቤት ስገባ ለእናቴ "መስመር የለም" ነበር የምላት።

"ታዲያ አንች እዚያ ምንድን ነው የምትሠሪ?" ትለኛለች።

ባልደረቦቼ ሹመቴን ቤቴ ድረስ መጥተው በድንገት ሊነግሩኝ ተማከሩ። እኔ ሱቅ ወርጄ ነበር። ስድስት ሆነው ደረጃውን ወጡ፣ ኬኩን ከኋላ ደበቁት፣ ድንገተኛነቱ እንዳይበላሽ ዝም ዝም ተባብለው በሩን አንኳኩ። እማ ከፈተች። የማታውቃቸው ስድስት ሰዎች፣ አለቃ የመሰለች ሴት ከፊት፣ ሁሉም ዝም ብለው ቆመው ያዩአታል።

ዋይታዋን የሰማሁት ከታች ነው። "ወየው ጋሻዬን! ወየው ልጄን!" ትላለች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ወንድሜ ሞቷል ብዬ አምኛለሁ፤ ሦስት ፎቅ ሙሉ ሞቶብኝ ነው የወጣሁት። ቤት ስደርስ ከፊት ለፊታችን ያሉት እትየ ማሬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረት እየመቱ ነው፣ ከላይ ፎቅም ጎረቤት እየወረደ ነው። ዩሪ መካከል ላይ ኬክ ይዞ ቆሞ ያለቅሳል። ሩቲ ፊቷ ነጥቷል።

"አዝመራ፣ ምን አደረግን?"

"ማን ነገራችሁ? መቼ ሞተ?"

"ማን? እኛ ኮ ተሹመሻል ልንልሽ ነው የመጣን።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅም ልቅሶም ባንድ ላይ መጣብኝ። "እማ፣ መርዶ አይደለም። ሹመት ነው። አለቃ አድርገውኛል።"

እማ ዋይታዋን አቁማ አንድ በአንድ አየቻቸው። "ሹመት እንዲህ ዝም ብለው ተገትረው ነው የሚነግሩ? እነዚህ ሰዎች ደስታና ሐዘናቸው በምን ይለያል?" አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች።

እትየ ማሬ ነጠላቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ መለሱ። "በሰደር፣ ይሁን፣ ከመጣን አይቀር ይቆረስ። ያላ፣ ተቀመጡ። በይ እንግዲህ አዝመራ፣ መናሄለት፣ አለቃ ሆንሽ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ሚስራዱን፣ መሥሪያ ቤቱን ጠርተሽ ወንድምሽን አስመጭ።"

እማ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። ለእሷ ሹመት ማለት ሹመት ነው፤ የኢንሹራንስ ኩባንያ ኮምፒውተርና የስደተኞች ጉዳይ የሚለያዩበትን ድንበር አታውቅም። ሩቲ ጎኔ ተቀምጣ "ጋሻው ማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት።

"ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ልጆች ስትጠይቂኝ ወንድም እንዳለሽ አልነገርሽኝም። ጥፋቱን መጀመሪያ ተናገሪ አላልኩሽም?"

"ያ የሥራ ነው፤ ይህ የቤት ነው" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ሩቲ ሰው ታውቅ ኖሮ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀጠሮ አስያዘችልኝ። እማ የቀጠሮውን ነገር እንደሰማች ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ቁም ሣጥን እስከ መስኮቱ አስገፋችኝ። ለጋሻው አልጋ ቦታ ነው። "ሚስቱና ልጇ ከእኔ ጋር ያድራሉ" አለች። እንዲህ ሆነ፤ የእኔ ሹመት ሳሎናችን ውስጥ የአልጋ ቦታ ሆኖ ቀረ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ጨዋ ነው፤ ውሃ አቀረበልኝ።

"ምኑ ነሽ?"

"እህቱ። እናቱም እዚህ ናት።"

"ባለትዳር ነው፣ ልጅም አለው። ስለዚህ ቤተሰቡ እዚያ ነው።"

"እኛስ?"

"እናንተ የቀድሞ ቤተሰቡ ናችሁ።"

"የቀድሞ እናት እንዴት ነው የምትሆነው?"

"ሲስተሙ የሚቀበለው እንዲህ ነው።"

"ሲስተም የሚሠራው ሰው ነው። እኔም የምሠራው ሲስተም ነው።"

"እንግዲያው ይገባሻል" አለ።

ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም አልኩት። "አልተፈቀደም። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል" አለኝ። ሳያዞር፣ በመጀመሪያው ቃል ጥፋቱን ነገረኝ፤ ልክ እኔ ሠራተኞቼን እንደማስተምረው። ላከብረው ይገባኝ ነበር። ጠላሁት።

እማ ምን አሉሽ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም "ገና ነው" አልኩና ሥራ ገባሁ። ለሠላሳ ሰው ጥፋት አትደብቁ የምል ሰው፣ በገዛ ቤቴ ሾርባ እየጠጣሁ ዝም አልኩ። ለራሴ ግን መጀመሪያ የሚሰማው ጋሻው ነው፣ ቀጥሎ እሷ፣ ሁለቱንም በቀጥታ እነግራለሁ ብዬ ነበር።

መስመሩ የተከፈተው ስብሰባ ላይ ሳለሁ ነው። ስብሰባ ላይ ስልክ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ የጋሻውን ስም ሳይ ዩሪን ንግግሩ መካከል ጥዬው ወጣሁ።

"አዝመራ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እማ ደህና ናት? ጉልበቷስ? ሥራ ደህና ነው? ጎረቤት ደህና ነው?" ድምፁ ቀጥኗል። እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ ቢያመሽ ደስ ባለኝ።

"ጋሻው" አልኩት፣ "አልተፈቀደም።"

ከበስተኋላው የሴት ልጁ ሳል ይሰማኛል።

"እሽ" አለ።

"ይግባኝ እላለሁ። አልተወውም።"

"እሽ። አንች ብቻ ደህና ሁኝ።"

"እናንተስ? እውነቱን ንገረኝ። ልጅቱ ምን ሆና ነው የምታስል?"

"ምንም አልሆነች። ደህና ነን፣ ሁሉም ሰላም ነው" አለኝና ሳቀ።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ መስመሩ መንተባተብ ጀምሮ ነበር። "ለእማ ምን ልበላት?" አልኩት።

"በሚቀጥለው ይመጣል በያት" ሲል ተቋረጠ።

ቤት ስገባ እማ የአልጋው ቦታ ላይ ወንበር አድርጋ ተቀምጣለች። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ መጀመሪያ ጥፋቱ፣ ሌላው በኋላ።

"ጋሻው ደወለ" አልኳት።

ፊቴን አየችኝ። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"በሚቀጥለው ነው የሚመጣው፣ አይደል?"

"አዎ እማ" አልኳት።

"እንግዲያው ቁም ሣጥኑን አትመልሽው" አለች።