ከግድግዳው ላይ የጠረግሁት ጽሑፍ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለን ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ከሻ ነው፤ ፖሊስ ሐበሻውን እያፈሰ ነው» ስትለኝ ወደ ቤት ሮጥሁ። ልጄ ለአስተርጓሚነት ልትፈተን፣ የሚምታቱባትን የእንግሊዝኛ ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርጋ በከሰል ግድግዳው ላይ ጽፋቸው ነበር። እኔ ከአማርኛ ፊደል ሌላ አላውቅም። ፖለቲካ ይመስላቸዋል ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት።

«እማ፣ ምነው አጠፋሽብኝ? ብሪንግ ማምጣት፣ ቴክ መውሰድ... ገና አልለየኋቸውም እኮ።»

«ዝም ብለሽ ውጪ» አልኳት።

በጓሮ ወጥተን፣ ሰሊጥ በጫነ ሎሪ ከገዳሪፍ ሾዋክ ገባን። ፈተናው በማግስቱ እዚያው ገዳሪፍ ነበር። እንዴት ተብሎ ይመለሳል? ያ ዕድል ዳግመኛ አልመጣላትም። ያን ዕለት ሾዋክ የምትኖረው አክስቷ ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ ልጄ ፊቷን አዞረችብኝ። እኔ «ተርፈናል» አልኳት።