በጣሳ የሰቀልሁት የፕሪም አበባ

ዳባት ላይ የተከልሁት ቀይ ፕሪም አራት ዓመት አበበ፤ አንዲት ፍሬ አልያዘም። ከወንዙ ማዶ ያለችው የልጄ አማት ይህን አይታ፣ «ዛፋቸው አበባ ብቻ፣ ልጃቸውም ሹሩባ ብቻ» እያለች በየደረሰችበት ታወራለች። ልጄ ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው፣ አልወለደችም። እንዳይመልሱብኝ እፈራ ነበር።

ጎንደር ከተማ ሳለሁ ከጦርነቱ በኋላ የቀረ አንድ ጣሊያን ግቢ አትክልት ስኮተኩት ኖሬያለሁ። ቀዩ ፕሪም ብቻውን አይዝም ይል ነበር፤ የብጫው ፕሪም አበባ አጠገቡ መኖር አለበት። ከሌለ ያበበ የብጫ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ውኃ ባለበት ጣሳ ከትቶ ቀዩ ዛፍ ላይ ይሰቅል ነበር። ሌላውን ንቡ ይጨርሰዋል።

ብጫው ያለው ደግሞ የልጄ አማት ግቢ ነው። ብጠይቃት እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ። ቅዳሴ ላይ ሳለች ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጬ በነጠላዬ ሸፍኜ መጣሁና በጣሳ ውኃ ከትቼ ዛፌ ላይ ሰቀልሁት።

በሦስተኛው ቀን የልጄ ባል ማረሻ ሊዋስ መጥቶ ጣሳውን አየ። ወዲያው እናቱን፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌና ልጄን ይዞ ተመለሰ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለችኝ እናቱ። እስከዚያች ቀን አንቱ ነበር የምንባባለው። «ከግቢዬ ቆርጠሽ የሰቀልሽው የልጄን ዘር ነው!»

«ኧረ በማርያም! ለንቡ ብዬ ነው።»

«ንብ ደግሞ ሚዜ ሆነችልሽ?»

ሽማግሌው፣ «ሸጋ ሥራ ከሆነ ምነው ተደብቀሽ ቆረጥሽ?» አሉኝ።

«አያ፣ ፈርቼ ነው።»

«መተት ካልሆነ ትጠጣዋ!» አለች አማቲቱ።

ጣሳውን አውርጄ ጠጣሁ። ውኃው ሸትቷል፣ የሞተ ንብም ነበረበት። ጨለጥሁት።

«አያችሁ? የራሷ መተት መቼ ይነካታል!»

ሽማግሌው ወደ ልጄ ዞሩ። ከባሏ ጋር ከኖረች የእናቷን ደጅ እንዳትረግጥ፣ ከረገጠች እዚያው እንድትቀር ፈረዱ።

«ከባሌ» አለች። ቀጥላም፣ «እማዬ፣ ደጃችን አትምጪ።»

በግንቦት፣ ጣሳው ተሰቅሎበት በነበረው በኩል ፕሪሙ ፍሬ ያዘ። የኔ ዛፍ አፍርቶ ልጄ ሳትወልድ መቅረቷ ከተሰማ፣ ዘሩን ወሰደች ይሉኛል፤ ልጄንም ያባርሯታል። ጥሬውን አንድም ሳላስቀር ለቅሜ አዛባው ውስጥ ቀበርሁት።