የማሽላ አገዳ በዓል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሚማርበት ከጃፓን ቪዲዮ ላከልኝ። ከተማው በዓል ላይ ነው። ረጃጅም ባለቀለም ወረቀት ከቀርከሃ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ከሥሩ እየተሹለከለከ ያልፋል።

«እማ፣ እዚህ ሰው ምኞቱን ጽፎ ቀርከሃው ላይ ያስራል» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወዲያ ርቃ የማታውቅ ሴት ይህን ከየት ታውቀዋለች ብሎ ነው። አልፈረድኩበትም። ነገር ግን አንድ ክረምት ያ በዓል እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከአርማጭሆ በእግር ወጣን። አባቴን መተማ ሳንደርስ ቀበርነው። እናቴ፣ እኔና መንገድ ላይ የተወለደችው እህቴ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ መጠለያ ገባን። ክረምት ሲሆን የዚያ አገር ጥቁር አፈር እግር ይዞ አይለቅም። መኪና አንዴ ከተያዘ ለቀናት አይነቃነቅም። እርጥብ መሬትና በበርሜል የሚፈላ የወተት አጥሚት አንድ ላይ ሲሸቱኝ አሁንም ያ ጊዜ ፊቴ ይቆማል።

አጥሚቱን የምታድለን ሚዶሪ የምትባል ጃፓናዊት ነርስ ነበረች። ትንሽ ሴት ናት፤ ባርኔጣዋ ከራሷ ይበልጥ ነበር። የምትለውን ያሲን ይተረጉምልናል። አባቱ ገዳሪፍ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ የጎንደር ሙስሊም ናቸው። ቀልደኛ ልጅ ነበር።

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። እናቴ የአጥሚቱን ጽዋ መለሰች።

ወተት ያለበት ነገር በጾም አይቀመስም፤ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ደግሞ ከአጥሚቱ ሌላ ምግብ አልነበረም። እሷ ግን ታጠባ ነበር፣ ጡቷም መድረቅ ጀምሯል። እህቴ ጠብታ አታገኝም፤ ስታለቅስም ድምፅ አልነበራትም። በመጠለያው የነበሩት ቄስ «ፈትቼሻለሁ፣ ጠጪ» ቢሏት፣ «የእኔ የንስሐ አባት ሌላ ናቸው» አለቻቸው። ከንስሐ አባቷ ከአባ ገብረ ኪዳን ከአገር ስንወጣ መንገድ ለያየን፤ ይኑሩ ይሙቱ አናውቅም። ያሲን ለመናት፣ እኔ አለቀስኩ። «አራስ አይደለሁም፤ በራሴ ሥልጣን ጾም አልሽርም» አለች። በአምስተኛው ቀን ራሷን ችላ መቀመጥ አቃታት።

ሚዶሪ አልተቆጣችም። በማግስቱ ከአጥር የተነቀለ የዓምና ማሽላ አገዳ አምጥታ በራኩባው፣ ያ ሣር ክዳን ዳሳችን መሐል አቆመች። የመድኃኒት ካርቶን ቀድዳ ቁራጮቹን በሐምራዊው የቁስል መድኃኒት ነከረቻቸው። በእሷ ከተማ በዚህ ሰሞን ሰው ሁሉ ምኞቱን ጽፎ ቀርከሃ ላይ የሚሰቅልበት በዓል ነው አለች። ስለ ሌሎቹም በዓሎቻቸው ነገረችን። በጸደይ ሰው ምግቡን ይዞ ከሚያብብ ዛፍ ሥር ይውላል፤ በብርዱ ወራት ከበረዶ ቤት ሠርተው ውስጡ መብራት ያኖራሉ።

«ከምን?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ከበረዶ አባቴ» አለ ያሲን። «እኔ ያለችውን ነው የምላችሁ። ውሸት ከሆነ በእሷ ነው።»

ሰው ሳቀ። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው የብዙ ሰው ሳቅ ያ ነው።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስለነበር ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያየ ሰው ሁሉ ግን የራሽን ምዝገባ መስሎት ተሰለፈ። «ስድስት ነፍስ ነን፣ አንዱ ታሟል» ይሉኛል። ምኞት ነው ብላቸው፣ «እሱስ ምኞት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩላቸው።

እናቴ ዘንድ ስደርስ ተጋድማ ነበር።

«ይህ ባዕድ አምልኮ እንዳይሆንብኝ» አለች።

«ጸሎት አይደለም እማ። ወረቀት ነው።»

«አባ ገብረ ኪዳን በሕይወት ካሉ ቃላቸውን ይላኩልኝ በይ» አለች። እኔ «እናቴ ትዳን» ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። እጄ ግን እሷ ያለችውን ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ያሲን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለሚዶሪ ይተረጉም ጀመር። የእናቴ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እኒህ ቄስ ግራ ዓይናቸው የጠፋ፣ ቁመተ ረጅም ናቸው?»

«ናቸው» አልኩት።

«በሰኔ ከክትባት መኪና ጋር ኡም ጋርጉር መጠለያ ወርጄ፣ እዚያ ተመዝግበው አይቻቸዋለሁ።»

መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይሄድም። ያሲን ትራክተር ላይ ተንጠላጥሎ፣ የቀረውን በእግሩ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። እናቴ ዓይኗን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው። እህቴን ሚዶሪ በማንኪያ እያጠጣች አቆይታት ነበር።

አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «እመት አስካለ፣ አንድ እስላም የቄስ መልእክተኛ ሆኖ መጥቷል፤ ይስሙት» አላት። «አባ እንዲህ አሉ፤ ለወለተ ሥላሴ ንገራት። የምታጠባ ሴት ጾሟ ልጇን ማኖር ነው። ፈትቼሻለሁ። እኔም ታምሜ ወተት እጠጣለሁ። ሲሻልሽ አርባ ስግደት አለብሽ።»

ወለተ ሥላሴ የእናቴ የክርስትና ስሟ ነው። በመጠለያው ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በጣቷ ጽዋውን አሳየችኝ። ደግፌ አስቀመጥኳት፣ አማተበች፣ እስከ ግማሹ ጠጣች።

«ስኳር አብዝታችሁበታል» አለች።

ያሲን ቃል በቃል ተረጎመ። ሚዶሪ ዞር ብላ ንጹሑን ጽዋ እንደገና ማጠብ ያዘች። ብዙ አጠበችው።

እናቴ ዳነች። በመስከረም አርባውን ስግደት ስትሰግድ ሚዶሪ አጠገቧ ተቀምጣ በቋንቋዋ ትቆጥርላት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚዶሪ ወደ አገሯ ተመለሰች። እናቴ የምትሰጣት ስላልነበራት ጉልበቷን ሳመቻት። እህቴ ዛሬ ጎንደር የአራት ልጆች እናት ናት። እኔ በእነዚያ ቀናት ስንት ጊዜ እግዚአብሔርን «የት ነህ?» ብዬዋለሁ። እሱ አገዳ ሲተከል፣ ካርቶን ሲቀደድ፣ ያሲን ጭቃ ሲረግጥ እዚያው ነበር። ተመስገን።

ይህን ሁሉ ለልጄ በስልክ ነገርኩት። በኋላ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እማ፣ እኔም ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ» አለኝ።

«የንስሐ አባትህን ጠይቅ» ልለው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ገዳሪፍ፣ እሱ ባሕር ማዶ።

«ጻፍ» አልኩት። «እሳቸው እስኪያገኙህ እኔ ፈትቼሃለሁ።»

ድፍረቴን ይቅር ይበለኝ።