የእናቴ ወገብና የሞተሩ ሞላ

በ1968 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ትናንት ቡታጅራ ላይ የልጅ ልጄ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ሾክ፣ ንጥረት ማብረጃውን፣ ሲያስቀይር የፈሰሰው ዘይት ሸተተኝና እናቴ ታወሰችኝ።

ያኔ ወገቧን ታማ ነበር፤ ከጉንችሬ ወልቂጤ ሄዳ ካልታከመች አልጋ ላይ ልትቀር ነው። መንገዱ እንዳይጎዳት ብሎ አባቴ በራሱ ሞተር ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ፣ ጠምዛዛውን ብረት፣ አስገባ። ገና ከደጅ ሲነሡ እንደ ክፉ በቅሎ አነጠራት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞላ ሞላ ስትል እኔን አጎደልከኝ! በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ወረደች።

መካኒኩ አጎቴ ሾኩን ጫን አድርጎ «ሞላ ይሸከማል፤ ንጥረቱን የሚታገሠው ግን ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። እሱ ደግሞ ፈሶ አልቋል» አለው። የድሮውን ሞላ መልሶ አዲስ ዘይት ጨመረበት።

በነጋታው ጠዋት ልሞክረው ብዬ ከእናቴ ቀድሜ ከአባቴ ኋላ ተፈናጠጥኩና ደጃችን ያለውን ጉድጓድ አለፍነው። እናቴ ያነጥር እንደሆነ ልታውቅ ፊቴን ፊቴን ስታይ፣ ቢያነጥረኝም እንድትሳፈር ብዬ ጥርሴን ነክሼ ሳቅሁላት።