ከርዕስ የወጣ በረንዳ ይውጣ

በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ በአንድ ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ራሴ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን የተማርኩት ከሬዲዮ ነው፤ ያውም ከሰው ሬዲዮ። ስለዚህ ቀበሌው ለእኛ ለአስተማሪዎች አንድ ሬዲዮ ሲሰጠን ከሁሉ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተላለፈውን ትምህርት ሰምተን እንዴት እንደምናስተምርበት እንወያያለን፤ ሰኞ ያው ትምህርት ለተማሪዎቻችን በሬዲዮ ይደገማል። ዝምተኛ ስለሆንኩ ሰብሳቢ አደረጉኝ። የማይናገር ሰው ሰዓት አይፈጅም ብለው ነው።

ችግሩ ሬዲዮው ሲዘጋ ይጀምራል። ስለ መቀነስ እንነጋገር ስል፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡት አዛውንት አስተማሪ የጅቡቲን መስመር ያነሳሉ። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል፣ ከሙቀቱ የውሃው መጥፋት፣ ከውሃው ደግሞ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ የገባው የአንዱ ወንድም። "ከርዕሱ አንውጣ" ስል፣ ስብሰባ የለመደ ሕዝብ ነውና እጅ ይወጣል፦ "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ።" የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ደግሞ ቅድሚያ ያገኛል። አዛውንቱ ስለ ባቡር ፍሬን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ያቀረቡበት ቀን አለ።

ወሬው የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ደረሰ።

"ቅዳሜ እመጣለሁ" አለኝ። "ትምህርት ትታችሁ ስታወሩ ካገኘኋችሁ ሬዲዮው ለኅብረት ሱቅ ነው።"

ሬዲዮው ከሄደ የእኔም ትምህርት አብሮ ይሄዳል። ለራሴ በማታ በምሰማው ገና አልጀብራ ላይ ነበርኩ።

አስቤ አስቤ ደንብ አወጣሁ፦ ክፍሉ ውስጥ ስለ ትምህርቱ ብቻ፤ ሌላ ወሬ ያለው በረንዳ።

ቅዳሜ ሬዲዮው እንደተዘጋ አዛውንቱ ኮፍያቸውን አንስተው በትሕትና ወጡ። ሌላው ተከተለ። ሌላዋም ተከተለች። በመጨረሻ እኔና ሬዲዮው ቀረን። ሊቀመንበሩ በጓሮ በር የገባው ያኔ ነው። ባዶዎቹን አግዳሚዎች አየ።

"ውይይቱስ?"

ከበረንዳው ጩኸት ተሰማ። ተያይዘን ወጣን። ከመካከላችን ጨርቅ ነጋዴ የሆነችው ሶማሌ አስተማሪ አዛውንቱን አፋጣ ይዛቸዋለች።

"ሬዲዮው አስራ ሁለት ሲቀነስ አምስት ስንት ነው ይላል፤ የኔ ተማሪ ሴቶች እርሳስ ሳያነሱ ራሱ ይመልሳል። ወላሂ ለራሱ ነው የሚያስተምረው።"

"ታዲያ ዝጊው" አሉ አዛውንቱ። "ባቡር እንኳን ጣቢያ ላይ ቆሞ ሰው ይጭናል።"

"አባባ፣ ስዘጋው እሱ ይቆማል እንዴ? ስከፍተው እንደ ባቡርህ ኤረር ጣቢያ ደርሶ ነው የማገኘው።"

"እንግዲያው ዛሬ የሰማሽውን ጥያቄ ሰኞ ሬዲዮው ሳይጀምር ጠይቂያቸው። መልሱን ይዘው ይጠብቁት።"

"በጠጠር ይሥሩት?" ስትል ሁሉም ባንድ ጊዜ ተንጫጫ፤ አንዱ በጠጠር፣ አንዱ በጣት፣ አንዱ በቆርኪ። ሊቀመንበሩ የበሩን መቃን ተደግፎ እስኪበቃው ሰማ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ሬዲዮው ይቆይላችሁ" አለ። "የክፍሉን ቁልፍ ግን አምጣ። ኅብረት ሱቁ ስኳር ማስቀመጫ አጥቷል።"

ቁልፉን ሰጠሁትና ሬዲዮውን አቅፌ በረንዳ ወጣሁ። ነጋዴዋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ሰብሳቢ፣ አንተም ወሬ አለህ?"

ሬዲዮውን ጥላው ጋ አስቀመጥኩት። "ፀሐይ ባትሪ ይጎዳል" አልኳት።