የጋሼ ጥቁር ካፖርት

ጋሼ አጎታችን ሆሳዕና ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ዲጂታል ካሜራው ፎቶ ላይ ነጭ ሰረዝ ሲያወጣባቸው የሌንሱን ክዳን ገጥመው፣ በካፖርታቸው ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ያነሱበታል፤ ከዚያ ካፖርቱን በየተራ በአንድ በአንድ ጎን ገለጥ እያደረጉ ይደግሙታል፤ ሰረዙ የወጣበት ጎን ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ያለበት ነው።

«ብርሃን የገባበትን ሳታዩ አትድፈኑ» ይሉናል።

ካፖርቱን የምትይዘው ሁልጊዜ አንጋጫ ከተማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እኔን «አንቺ ችኩል ነሽ፣ ዳር ሆነሽ እዪ» ይሉኛል። ቅናት ያንገበግበኝ ነበር።

ጋሼ ሲያርፉ ካሜራውም ካፖርቱም በውርስ ለእሷ ደረሱ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ይዛ መጣች።

«ሰረዙ ተመልሷል። እኔ እኮ ከመያዝ በቀር ምንም አላየሁም» አለችኝ።

ያየሁትማ እኔ ነኝ። ቀዳዳውን በዓይን ማስጠጊያው ጎማ ሥር አግኝቼ ደፈንኩላት።

ካፖርቱ ክርኑ ላይ አሁንም እንደ ክንዳቸው ጎበጥ ብሏል። እሱን ግን አልመለስኩላትም።